ፎቶፔሪዮዲዝም ምንድን ነው?

ሐረርጌ ውስጥ በሚያዝያ የተዘራ የረጅም ጊዜ ማሽላና ዝናብ ዘግይቶ ከወር በኋላ የተዘራው በቁመት ይበላለጣሉ እንጂ የሚያብቡበት ጊዜ እምብዛም አይራራቅም። ማሽላው የሚቆጥረው ዕድሜውን ሳይሆን የሌሊቱን ርዝመት ነው። ዕፅዋት በቀንና በሌሊት ርዝማኔ እየተመሩ የሚያብቡበትን ጊዜ መወሰናቸው ፎቶፔሪዮዲዝም ይባላል። ዝናብ ይዘገያል፣ ይቀድማል፤ ሌሊት ግን አይዛነፍም። ስለዚህ አበባው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ይደርሳል፣ እህሉም በደረቅ አየር ይበስላል።

ጉዳዩን በጥናት ያሳዩት ጋርነርና አላርድ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ሜሪላንድ ማሞዝ የተባለው ትንባሆ በሐምሌና በነሐሴ ሽቅብ ይመዘዛል እንጂ አያብብም ነበር። ከሰዓት በኋላ ጨለማ ቤት እያስገቡ ቀኑን ሲያሳጥሩበት አበበ። ውጤታቸው የታተመው በ1920 እ.ኤ.አ. ነው። ወሳኙ ሌሊቱ መሆኑ የታወቀው ግን በኋላ ነው፦ ረጅም ሌሊት የሚፈልግ ተክል ላይ እኩለ ሌሊት ላይ ለጥቂት ደቂቃ መብራት ቢበራ አያብብም፤ ቀኑን በአጭር ጨለማ ማቋረጥ ግን ምንም አይለውጥም።

የሚለካው ቅጠል ነው። ውስጡ ያለው ፋይቶክሮም የተባለ ፕሮቲን ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ቅርጹን ይለውጣል፤ ሲጨልም ቀስ እያለ ይመለሳል። ይህ ምልክት ከተክሉ የውስጥ ሰዓት ጋር ሲገጥም ቅጠሉ ኤፍቲ የሚባል ፕሮቲን ሠርቶ ምግብ በሚመላለስበት መስመር ወደ ግንዱ ጫፍ ይልካል፤ ጫፉም ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ወደ አበባ ይዞራል። እኔን የሚገርመኝ፣ በአንዳንድ ተክሎች አንድ ቅጠል ብቻ ረጅም ሌሊት ቢያገኝ ተክሉ በሙሉ ማበቡ ነው።

ስንዴና ገብስ በተቃራኒው ሌሊቱ ሲያጥር ይፈጥናሉ። በዝዋይና በሆለታ የሚመረተው ጽጌረዳ ግድ የለውም፤ ዓመቱን ሙሉ ይቆረጣል።

አዲስ አበባ ላይ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የኛ ማሽላ ይህችን ታህል ይለያል። ሰኔ ላይ ቀኑ ከ14 ሰዓት በሚበልጥበት ቴክሳስ ቢዘራ ግን እንዲሁ ሲረዝም ከርሞ ሳያፈራ ውርጭ ይመታዋል። ስለዚህ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካውያን አዳቃዮች የሞቃት አገር ማሽላን ሌሊቱ ሲረዝም ፖርቶ ሪኮ ላይ እያዳቀሉ፣ ቶሎ የሚያብበውን ቴክሳስ ላይ ይመርጡ ነበር። በድርቅ ቅጠሉ ቶሎ የማይደርቀው ቢ35 የተባለ የማሽላ ዝርያ የተገኘው በዚህ መንገድ ከኢትዮጵያ ማሽላ ነው።