በኤፍራታ ሰማነው፣ በዱር አገኘነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥተው የጣናን ገዳማት ተሳልመው የሚመለሱ ምእመናን ሲናገሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አንዱ «ጣና ቂርቆስን ስረግጥ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ» ይላል። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ግን ምንም አልተሰማኝም፤ ኃጢአቴ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ዛሬ የምጽፈው በተለይ ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

ጣና ቂርቆስ፣ አባቶች እንዳቆዩልን፣ እመቤታችን በስደቷ ወራት ልጇን ይዛ ሦስት ወር ከዐሥር ቀን ያረፈችበት ደሴት ነው። ታቦተ ጽዮንም ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት ለብዙ ዘመን እንደኖረችበት ይነገራል፤ የኦሪት መሥዋዕት ደም ይፈስባቸው ነበር የሚባሉት የተቦረቦሩ ድንጋዮችም ዛሬ ድረስ ይታያሉ።

መዝሙረኛው ስለ ታቦቷ ሲዘምር «እነሆ፥ በኤፍራታ ሰማነው፥ በዱር ውስጥም አገኘነው» ካለ በኋላ ወዲያው «እግሮቹ በሚቆሙበት ስፍራ እንሰግዳለን» ይላል (መዝ. 131፥6-7)። ልብ በሉ፤ «ሰማነው» አለ እንጂ «ተሰማን» አላለም። መስማት አለ፣ ማግኘት አለ፣ መስገድ አለ። ስሜቱ ከመጣ ስጦታ ነው፤ ባይመጣ ግን ከስግደቱ የሚጎድል ነገር የለም።

እኔም የእመቤታችን ስደት በሚታሰብበት በአንድ የጽጌ ጾም ወደዚያው ሄጄ ነበር። ፀሐዩ ከውኃው ላይ እያንጸባረቀ ዓይን ይወጋል፤ ሆዴ ባዶ፣ እግሬ የዛለ፣ ልቤም ደረቅ ነበር። አዝኜ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ያን ጊዜ ያዕቆብ ትዝ አለኝ። እርሱም ከወንድሙ ከዔሳው ሸሽቶ፣ ፀሐይ ስለ ጠለቀችበት ብቻ ባደረበት ስፍራ ድንጋይ ተንተርሶ ተኛ። ሲተኛ የተሰማው ነገር አልነበረም፤ ሲነቃ ነው «በእውነት እግዚአብሔር በዚህ ስፍራ ነው፤ እኔ አላወቅሁም ነበር» ያለው (ዘፍ. 28፥16)። እግዚአብሔር በዚያ የነበረው ያዕቆብ ስላወቀ አይደለም።

እመቤታችንስ ብትሆን የመጣችው ለመንፈሳዊ ደስታ ነውን? ሄሮድስ ልጇን ሊገድል ስለ ፈለገ፣ በሌሊት ተነሥታ የተሰደደች እናት ናት። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የምንጾመው፣ በጽጌ ጾም ሌሊት በሚደርሰው ዝማሬ፣ በማኅሌተ ጽጌም ቆመን የምናስበው ይህንኑ ረሃቧንና ጥማቷን ነው። ስለዚህ ደክሞትና ልቡ ደርቆ ደሴቱ ላይ የተቀመጠ ሰው ከዚያ ታሪክ ውጭ የቆመ አይምሰለው። እኔ እንዲያውም ከሚያለቅሰው ይልቅ ለታሪኩ የቀረበ ይመስለኛል።

ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል የተባሉት የጣና ገዳማት ሴቶች ስለማይገቡባቸው ከሩቅ ተሳልማችሁ የምትመለሱ እኅቶች፣ የእናንተም ድርሻ በዚያው መዝሙር ውስጥ አለ፤ «ሰማነው» የሚለው። መስማት ከበረከት ውጭ ቢሆን ኖሮ መዝሙረኛው ባላስቀደመው ነበር።

እንባ የመጣላችሁም ደስ ይበላችሁ። ነገር ግን ያዕቆብ «ይህ ስፍራ እንዴት ያስፈራል» ብሎ ብቻ አልቀረም፤ ማልዶ ተነሥቶ ድንጋዩን ዘይት ቀባ፣ ስእለት ተሳለ፣ ከሚያገኘው ሁሉ ዐሥራት ሊሰጥ ቃል ገባ። ቤቴል ብሎ ከሰየመው ከዚያ ስፍራ የወጣው የስእለት ዕዳ ይዞ ነው።

ዘንድሮ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ የጀልባው መንገድ ረጅም ነውና የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን እየተቀባበላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ስትደርሱ ፎቶግራፍ ከማንሣታችሁ በፊት ስገዱ። ማታ ባሕር ዳር ስትወርዱም ልጅ አዝላ ከቀዬዋ የተፈናቀለች እናት ብታገኙ፣ ከያዛችሁት አካፍሏትና የክርስትና ስሟን ጠይቋት፤ የልጇንም ጭምር።