ሒሳብን ከሥሩ ጀምሮ በራስ መማር

ሒሳብን ያለ አስተማሪ መማር ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። ጆርጅ ግሪን እ.ኤ.አ. በ1793 እንግሊዝ፣ ኖቲንግሃም ውስጥ ተወለደ። አባቱ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ትምህርት ቤት የቆየው አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ ገና በልጅነቱ ወጥቶ ከአባቱ ጋር ሥራ ጀመረ። በኋላም በነፋስ የሚሠራ ወፍጮ ቤታቸው ውስጥ እየሠራ ራሱን አስተማረ። በ1828 ስለ ኤሌክትሪክና ማግኔት የሒሳብ ጥናት አሳተመ። ኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ የገባው ከዚያ በኋላ፣ በ40 ዓመቱ ነው። በስሙ የሚጠራው ቲዎረም (የተረጋገጠ የሒሳብ ሕግ) ዛሬም በዩኒቨርሲቲ ካልኩለስ ይሰጣል።

ሒሳብን በራሷ የተማረችው ስኮትላንዳዊቷ ሜሪ ሶመርቪልም አለች። ወላጆቿ ሴት ልጅ ሒሳብ ማንበቧ ጤናዋን ይጎዳል ብለው ሰጉ። ማታ እንዳታነብ ሻማዋን አስወሰዱባት። እሷ ግን የጥንቱን ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ የዩክሊድን ጂኦሜትሪ በቃሏ ይዛው ነበር። ጨለማ ውስጥ ተኝታ ከመጀመሪያው እያነሳች በጭንቅላቷ ትሠራው ነበር።

አሁን ኢንተርኔት ላለው ሰው ነጻ ትምህርት ሞልቷል። በጣም የታወቀው በቪዲዮ የሚያስተምረው ድረ ገጽ ካን አካዳሚ ነው። አጀማመሩ ደስ ይላል፤ መሥራቹ ሳልማን ካን በ2004 ሌላ ከተማ የምትኖር ትንሽ ዘመዱን ከርቀት ማስጠናት ያዘ። ልጅቷ ጎበዝ ናት። ያሰናከላት መለኪያን ከአንዱ ወደ ሌላው መለወጥ ነበር። አንድ ክፍተት ብቻ!

ችግሩ ክፍተቱ የት እንዳለ ማወቁ ላይ ነው። ብዙ ሰው አልጀብራ ከበደኝ ብሎ አልጀብራን ይደግማል። እኔ ግን መጀመሪያ ክፍልፋይን ፈትሹ እላለሁ።

ግማሽና ሲሶ ሲደመሩ ስንት ነው? ማለትም 1/2 + 1/3። ላዕሉን (የላይኛውን ቁጥር) ከላዕል፣ ታህቱን (የታችኛውን) ከታህት ደምሮ 2/5 የሚል ብዙ ነው። እስቲ ቆም እንበል። 2/5 እኮ ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ ዳቦ ላይ ሌላ ቁራሽ ጨምረን እንዴት ከግማሽ ያነሰ እናገኛለን? ዳቦውን እኩል ስድስት ቦታ እንቁረጠው። ግማሹ 3 ቁራሽ ነው፣ ሲሶው 2 ቁራሽ። ድምሩ 5/6። የጋራ ታህት የሚባለው ይኸው ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዓይነት ቁራሽ መቁጠር። ለእኛ እንግዳ ሐሳብም አይደለም። የሲሶ አራሽ፣ የእርቦ አራሽ ይባል የነበረው ምርት የሚካፈልበት ድርሻ ተቆጥሮ ነው።

አሁን በ2 እና በ3 ፋንታ ሀ እና ለ እናስገባ። 1/ሀ + 1/ለ = (ሀ + ለ)/(ሀ × ለ)። አሠራሩ አልተለወጠም። አልጀብራ ውስጥ ገብተናል ማለት ነው።

የተለመደው ቅደም ተከተል ከሙሉ ቁጥሮች ወደ ክፍልፋይ፣ አስርዮሽና መቶኛ፣ ከዚያ ከዜሮ በታች ወዳሉ ቁጥሮች፣ ወደ አልጀብራና ጂኦሜትሪ ይሄዳል። ትሪጎኖሜትሪና ካልኩለስ ከዚያ በላይ ናቸው።

አገራችን ውስጥ አንድ ተጨማሪ እንቅፋት አለ። በታችኛው ክፍል በአማርኛ ለተማረ ልጅ ላዕልና ታህት የነበሩት ላይኛው ክፍል ላይ ኒውሜሬተርና ዲኖሚኔተር ይሆናሉ። ሒሳቡ ያው ሆኖ ሳለ ተማሪው አዲስ ነገር መጣብኝ ይላል። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን የሚጽፉበት አንድ ደብተር መያዝ በጣም ይረዳል።

ቪዲዮ አይቶ ገባኝ ማለት ቀላል ነው። እውነቱ የሚታየው ስልኩን አስቀምጦ ያንኑ ጥያቄ ባዶ ወረቀት ላይ ሲሠሩት ነው። አራሚ የለኝም ብሎ መስጋትም አያስፈልግም። 3 × ኤክስ + 4 = 25 ተብሎ ኤክስ 7 ነው ካላችሁ፣ 7ን መልሳችሁ አስገቡት። 3 ጊዜ 7፣ 21። 4 ሲጨመር 25። ልክ ናችሁ።