«ግፊቴ ወርዷል» ብሎ ክኒን መተው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። «ግፊቴ ወርዷል፣ ክኒኑን ትቼዋለሁ» የምትለዋን ነገር መስማት ሰልችቶኛል። መጀመሪያ ግን ከምሰማው የተሳሳተ ወሬ ቀላል ቀላሉን ላሳልፍ።

«ቀጭን ሰው ኮሌስትሮል አይዘውም።» ይይዘዋል። ኮሌስትሮልን ከደም የሚለቅመው ጉበት ሴሎች ገጽ ላይ ያለ ተቀባይ ነው። ተቀባዩ በዘር ከተበላሸ ሸንቃጣ ብትሆኑም፣ ጾም ባትገድፉም ኮሌስትሮሉ ደም ውስጥ ይከማቻል። ተመራማሪዎቹ ብራውንና ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1985 ኖቤል የተሸለሙት በዚሁ ሥራ ነው።

«ኢናላፕሪል ሳንባዬን በላው።» ይህ የግፊት ክኒን ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል እንጂ ሳንባ አይበላም። ለሐኪሙ ንገሩት፣ ይቀይርላችኋል።

አሁን ወደ ዋናው። አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል የግፊት ክኒኖች ናቸው፤ ቤታ ብሎከር ይባላሉ። ስንደነግጥ ሰውነታችን የሚረጨው አድሬናሊን ልብን የሚያስሮጠው የልብ ሴሎች ገጽ ላይ ካሉ ቤታ ተቀባዮች ጋር ተገናኝቶ ነው። ክኒኑ ቀድሞ ቦታውን ይይዝበታል። ሴሉ ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ድምፅ የራቀበት ሰው ጆሮውን እንደሚቀስር፣ እሱም ቀስ በቀስ ተጨማሪ ተቀባዮች ገጹ ላይ ያወጣል። ክኒኑን ድንገት ስትተዉት አድሬናሊን ያን ሁሉ ተቀባይ ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ልብ ይደልቃል፣ ግፊት ይሻቅባል። የልብ ደም ሥሩ የጠበበ ሰው ደግሞ ሃርት አታክ ሊመታው ይችላል።

ከደጀን በኩል የሚመጡ አንድ አባት ፍልሰታ ሲገባ አቴኖሎላቸውን ተዉ። ጾሙ ሳይፈታ ልጃቸው ደግፎ አመጣቸው። ጋቢያቸው በላብ ርሷል፤ የአንገታቸው ሥር ሲዘል ከባንኮኒው ማዶ ይታየኛል። በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ላክኋቸው፤ ደግነቱ ተረፉ። በኋላ ሲመጡ «አባቴ፣ ግፊቱ የወረደው እኮ በክኒኑ ነው!» አልኳቸው። «ታዲያ ይኼን ማን ነገረኝ ልጄ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ላስቲኩ ላይ የሚጻፈው «በቀን 1 ጊዜ» ብቻ ነው።

ስለዚህ ጾም ሲመጣ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ይዛወራል። ማቆም ካለባችሁም ሐኪሙ መጠኑን በ1 ወይም በ2 ሳምንት ውስጥ እየቀነሰ ያስቆማችኋል። ከገጠር የምትመጡ፣ ክረምት መንገዱን ሳይዘጋው ክኒኑን ቀድማችሁ ውሰዱ። ለጎረቤት ማካፈልማ ጭራሽ አይሞከርም! ቤታ ተቀባዮች ሳንባ ውስጥም አሉ፤ አስም ላለበት ሰው አንድ ፕሮፕራኖሎል ብትሰጡት ትንፋሹ ሊቆራረጥ ይችላል።