«ሳይክል ነድታ ነው» አትበሉኝ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር፣ ጎረቤት ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። ቶናው ላይ ወሬው በቅርብ ወደተዳረች ልጅ ዞረ። «ደም አልታየም አሉ» አለች አንዷ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ይሄኔ አንዲት ደግ እናት ቶሎ ብለው ገቡ። «ኧረ ተዉ እናንተ! እሷ እኮ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳይክል ትነዳ ነበር!» ሁሉም «እውነትም፣ ሳይክሉ ነው» ብሎ ተስማማ። እኔ ስኒዬን አስቀመጥኩ። አሥራ ሰባት ዓመት በአዋላጅነት ሠርቼ ያን ቀን ዝም ያልኩት የሰው ቡና ላለማበላሸት ብቻ ነው።

ሐዋሳ ሜዳ ናት። ሳይክል ያልነዳ ማን አለ? ስለዚህ እኛ ከተማ ሳይክል ጠበቃ ሆኗል። ደም ያልታየባት ሙሽራ ሁሉ ነፃ የምትወጣው በሱ ነው። የሚያበሳጨኝ ስህተት መሆኑ ብቻ አይደለም። ልጅቷን እንከላከላለን ብለን የከሳሿን ቃል መቀበላችን ነው። «ማኅተም ነበራት፣ ግን ሳይክሉ ሰበረው» እያልን እኮ ነው። ማኅተም የሚባል ነገር የለም!

በሕክምና ሃይመን፣ በሰው አፍ ክብረ ንጽሕና ወይም ብር አምባር የሚባለው፣ የብልት መግቢያ ዙሪያ ያለ ስስ ሥጋ ነው። የጉንጫችንን የውስጥ ገጽ ይመስላል። ሰው ግን እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ይመስለዋል። ከበሮ ቢሆን የወር አበባዋ በየት ይወጣል? ይህን ስንቱን ጠይቄዋለሁ። ትንሽ ያስብና ይስቃል። ከመጀመሪያውም ክፍት ነው። የአንዷ እንደ ቀለበት፣ የሌላዋ እንደ ግማሽ ጨረቃ ነው። እንደ ወንፊት የተበሳሳም አለ። ሲፈጥራት እዚህ ግባ የማይባል ብቻ ያላትም አለች። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ደግሞ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ወፈር ያደርገዋል፤ የሚለጠጥም ይሆናል።

ሳይክሉስ? ሃይመን ገባ ብሎ የተከለለ ነው፤ ኮርቻ አይደርስበትም። ልጅ ወድቃ ብረቱ ላይ ብታርፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚያብጠውና የሚበልዘው የውጭው ክፍል ነው። መንዳት፣ መሮጥ፣ ገመድ መዝለል ይቀድደዋል የሚያሰኝ አሳማኝ ማስረጃ የለም። ስለዚህ እናቶች፣ «ክብርሽ ይሄዳል» ብላችሁ ልጃችሁን ከሳይክል አታውርዱ። ሄልሜት ግዙላት። የባጃጆቻችን ነገር የሚያሰጋው ለጭንቅላቷ ነው።

ወደ ደሙ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሰኞ ጠዋት ነው፣ ሙሽሮችና የሙሽራው ታላቅ እህት መጡ። እህትየው ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ውስጡ ነጭ ጨርቅ አለ። ንጹሕ ነው። ሱቅ ውስጥ የታጠፈበት መስመር እንኳ አልጠፋም። «ሲስተር፣ እስቲ እያትማ» አለችኝ። ሙሽሪት የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት። ሂናው ከእጇ አልለቀቀም። ዓይኗን ከነጠላዋ ጥለት አላነሳችም። ሁለቱን አስወጥቼ አነጋገርኳት። መታየት አልፈለገችም፤ አላየኋትም። ባያትም የማገኘው መልስ አልነበረም።

ቀጥሎ ባልየውን ብቻውን ጠራሁት። ፀጉሬን ያሰርኩበትን፣ ጨርቅ የለበሰ ላስቲክ ፈትቼ ሰጠሁት።

«ሳበው።» ሳበ።

«ልቀቀው። አሁን ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደተሳበ አይተህ ንገረኝ።»

አገላበጠው። ደግሞ ሁለቴ ሳበው። «እና ሲስተር፣ የሌሎቹ ደም ከየት ነው የሚመጣው?» አለኝ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ደም የሚመጣው ሥጋው ትንሽ ሲጫር ወይም ሲሰነጠቅ ነው። የሚሰነጠቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ በድርቀት፣ በፍርሃትና በጥድፊያ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች፣ እግሯ ያበጠ፣ በር ላይ ሚዜ የሚጠብቃት ሴት ሰውነቷ እንዴት ይላላ? እንግዲህ ያ በእልልታ የሚታጀበው ደም ብዙ ጊዜ ስለ እሷ ጨዋነት አይናገርም፤ ስለ እሱ ችኮላ ነው የሚናገረው። ጭራሽ የማይደሙ ሴቶች ብዙ ናቸው። በሦስተኛው ቀን የምትደማም አለች።

ምክሬን ውሰዱት። በሰርጉ ማታ የግድ አይደለም፤ ደክሟችኋል፣ ተኙ። ፈቃዷ ሳይሆን ምንም አይጀመርም። ድርቀት ካለ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ከፋርማሲ ይገኛል። ቫዝሊን ከኮንዶም ጋር አይሆንም፤ ላስቲኩን ያበላሸዋል። ደሙ በአንድ ሰዓት ሞዴስ የሚያርስ ከሆነ ቤት ቁጭ አትበሉ፣ ወደ ሐኪም ቤት ኑ። በየጊዜው የሚያማትና ጡንቻዋ እምቢ የሚላት ሴትም ሕክምና አላት። «ትለመጃለሽ» እየተባለች ዓመት መቆየት የለባትም።

«ሐኪም አይቶ ያውቃል» የሚለውስ? አያውቅም። በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት 36 ነፍሰ ጡር ወጣቶች ተመርምረው ነበር። ግንኙነት መኖሩን በማያሻማ ሁኔታ የሚያሳይ ምልክት የተገኘባቸው 2 ብቻ ናቸው። ነፍሰ ጡሮች ናቸው እኮ! የዓለም ጤና ድርጅትም ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት አካላት ጋር በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የድንግልና ምርመራ እንዲቆም ጠይቋል። በሁለት ጣት እንለካለን የሚሉትም ቢሆን የሚለኩት የጡንቻ መኮማተርን ነው። ድንግልና በእምነታችሁ ትልቅ ቦታ እንዳለው አውቃለሁ፤ የእኔም እናት ያሳደገችኝ በዚያው ነው። ግን የሰው የሕይወት ታሪክ ነው፤ ሥጋ ላይ አይነበብም። ስለዚህ «የማስረጃ ወረቀት ጻፊልን» አትበሉኝ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ «ካልተቀደደ አልተደፈረችም» የሚለው ነው። የተደፈረች ሴት ሰውነቷ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል። ቶሎ ትምጣ። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። የድንገተኛ እርግዝና መከላከያውም እስከ 5 ቀን ቢሰጥም በቶሎ ሲወሰድ ነው የሚሻለው። ከተቻለ ሳትታጠብ፣ የለበሰችውን ልብስ ይዛ። ታጥባም ከሆነ ትምጣ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። በአረማመድና በዳሌ ስፋት ይታወቃል? አይታወቅም። በመጀመሪያው ቀን አይረገዝም? ይረገዛል። ሽንትና የወር አበባ በአንድ ቀዳዳ ይወጣሉ? አይደለም፣ የየራሳቸው መውጫ አላቸው። ይህን ያስተማርኳቸው ወንዶች ብቻ እንዳይመስሏችሁ፤ የአምስት ልጆች እናትም አለችበት። ግንኙነት ሲበዛ «ይሰፋል»? ጡንቻ ነው፣ ሦስት ኪሎ ሕፃን አሳልፎም ይሰበሰባል። ለማጥበብ ብላችሁ ሎሚና ጨው የምታስገቡ ደግሞ በእናታችሁ ተዉ፤ ተቃጥላችሁ እኔው ጋ ነው የምትመጡት።

በእርግጥ ጭራሽ የተዘጋ ሃይመንም አለ። ከ1,000 እስከ 2,000 ሴቶች አንዷ እንዲያ ሆና ትወለዳለች። አንዲት ተማሪ ትዝ ትለኛለች። በየወሩ ሆዷን ቆርጦ ያማታል፣ የወር አበባ ግን አይታያትም። ሆዷ እየተነፋ ሲሄድ ሰፈሩ «አርግዛለች» ብሎ ጨርሶ ነበር። የተጠራቀመው የወራት ደም ነው። ቀላል ኦፕራሲዮን ተደረገላትና ደሙ ወጣ፤ ሕመሙም አብሮ ሄደ። እናቷ ኮሪደሩ ላይ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ሲስተር፣ ድንግልናዋስ?» አሉኝ። ላስቲኬን ፈትቼ አስረዳኋቸው፤ እሳቸውን ከማስረዳት ኦፕራሲዮኑ ሳይቀል አይቀርም። አመኑኝ። ለማንኛውም ብለው ግን ወረቀት ጠየቁ። የኦፕራሲዮኑን የሕክምና ማስረጃ ሐኪሙ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጣቸው። አራት ቦታ አጥፈው ፌስታላቸው ውስጥ ከተቱት። «ሲያገባት ለሚጠይቀን እናሳየዋለን» አሉኝ።