ጉድ ኪድ፣ ማድ ሲቲ፦ የኬንድሪክ ላማር አልበም አሠራርና አቀባበል

"ጉድ ኪድ፣ ማድ ሲቲ" አሜሪካዊው ራፐር ኬንድሪክ ላማር ኦክቶበር 22 ቀን 2012 ያወጣው ሁለተኛ የስቱዲዮ አልበም ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በትልቅ አሳታሚ በኩል ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ቶፕ ዶግ ኢንተርቴይንመንት፣ አፍተርማዝ እና ኢንተርስኮፕ በጋራ አሳትመውታል። 12 ዘፈኖች አሉት፤ ርዝመቱ 68 ደቂቃ ገደማ ነው። ሽፋኑ ላይ "የኬንድሪክ ላማር አጭር ፊልም" የሚል ጽሑፍ ሰፍሯል። ይህ ለማሻሻጥ ብቻ የተለጠፈ ቃል አይደለም። አልበሙ እንደ ፊልም ትዕይንት በትዕይንት የተሠራ ነው።

ዘፈኖቹ በአንድ ታሪክ ወይም በአንድ ሐሳብ የተያያዙ አልበም ኮንሰፕት አልበም ይባላል። በሂፕ ሆፕ እንዲህ ያለ አልበም ብዙ ተሞክሯል። ብዙዎቹ መግቢያና መውጫው ላይ ትንሽ ድራማ ያስገቡና መሀል ላይ ታሪኩን ይረሱታል። ይሄኛው አይረሳም።

ከአልበሙ በፊት

ኬንድሪክ ላማር ዳክዎርዝ በ1987 ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ በምትገኘው ኮምፕተን ተወለደ። ወላጆቹ በ1984 ከቺካጎ 500 ዶላር ይዘው የመጡ ናቸው። የመጡትም ከዚያው ከተማ የወሮበላ ቡድን ሕይወት ለመራቅ ነበር። የደረሱባት ኮምፕተንም ብትሆን ክሪፕስና ብለድስ የተባሉ ተቀናቃኝ የወሮበላ ቡድኖች ሰፈር በሰፈር የተከፋፈሏት ከተማ ነበረች።

ኮምፕተን ለራፕ እንግዳ አይደለችም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤን ደብሊው ኤ የተባለው ቡድን ስሟን ለዓለም አስተዋውቋል። ከቡድኑ አባላት አንዱ በኋላ አፍተርማዝን ያቋቋመው ዶክተር ድሬ ነው። ኬንድሪክ የ8 ዓመት ልጅ ሳለ ራፐሩ ቱፓክና ዶክተር ድሬ እዚያው ከተማ የቪዲዮ ክሊፕ ሲቀርጹ አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ እንዳየ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል።

በ16 ዓመቱ ኬ ዶት በሚል ስም የመጀመሪያ ሚክስቴፑን (ከመደበኛ አልበም ውጭ የሚሠራጭ የዘፈኖች ስብስብ) አወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከቶፕ ዶግ ጋር ተፈራረመ። ለዓመታት በሚክስቴፕ ከቆየ በኋላ በራሱ ስም መጠራት ጀመረ። የኤሚነም ማናጀር ፖል ሮዘንበርግ ስለ ልጁ ለዶክተር ድሬ ይነግረዋል። ድሬም ዩቲዩብ ላይ አንድ ቪዲዮውን አይቶ ያስጠራዋል። በ2011 የመጀመሪያ አልበሙ "ሴክሽን ኤይቲ" ያለ ትልቅ አሳታሚ ወጣና ጥሩ ተቀባይነት አገኘ። በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተደረገ ኮንሰርት እነ ስኑፕ ዶግ መድረክ ላይ ወጥተው የዌስት ኮስት (የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ) ራፕ አዲሱ ንጉሥ አንተ ነህ አሉት። ልጁ አለቀሰ።

አሠራሩ

ለአልበሙ መሠረት የሆነው ካርሰን ውስጥ ያለው የቶፕ ዶግ የቤት ስቱዲዮ ነው። ቤተሰባዊ ቦታ ነበር። ራፐሮቹ ጄይ ሮክ፣ ስኩልቦይ ኪው እና አብ ሶል እዚያው ይሠሩ ነበር። ሳውንድዌቭና ቴራስ ማርቲን ከጥንት ጀምሮ አብረውት የነበሩ ፕሮዲውሰሮች ናቸው። የአሳታሚው አቅም ሲጨመር ደግሞ ሂት ቦይ፣ ፋሬል ዊሊያምስ፣ ቲ ማይነስ፣ ዲጄ ዳሂ፣ ስኩፕ ዴቪልና ጀስት ብሌዝ ቢት (ራፐሩ የሚናገርበትን ሙዚቃ) ሰጡ። ይህን ያህል ብዙ እጅ የገባበት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ይበታተናል። እዚህ ግን ድምፁ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው፤ ጨለም ያለ፣ የማታ መንገድ የሚመስል። ለዚህ ድምፆቹን ያዋሐደው (ሚክስ ያደረገው) ባለሙያ ሚክስድ ባይ አሊ ብዙ ምስጋና ይገባዋል።

ቢቶቹ የተወሰዱበት ቦታም ይገርማል። "መኒ ትሪስ" የተባለው ዘፈን የቆመው ቢች ሀውስ ከተባለ የባልቲሞር ቡድን በተወሰደ ሳምፕል (ከሌላ ሙዚቃ የተቆረጠ ድምፅ) ላይ ነው። እነሱ ከራፕ ጋር የማይገናኙ፣ ቀስ ያለ ሙዚቃ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። "ፖየቲክ ጀስቲስ" ደግሞ የጃኔት ጃክሰንን ድምፅ ይዟል፤ ድሬክም ይዘፍንበታል። "ማድ ሲቲ" በተባለው ዘፈን ላይ የኮምፕተኑ አንጋፋ ራፐር ኤም ሲ ኤይት ይመጣል። ዘፈኑ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቢቱ ይለወጥና የ1990ዎቹ መጀመሪያ ዌስት ኮስት ይሆናል። ሌዲ ጋጋም "ቢች፣ ዶንት ኪል ማይ ቫይብ" ላይ ድምጿን ቀርጻ ነበር፤ አልበሙ ላይ ግን አልገባም። ሳይሻል አይቀርም።

ታሪኩን የሚያስሩት በዘፈኖቹ መካከል የሚሰሙት ንግግሮች ናቸው። ብዙዎቹ ስልክ ላይ የተተዉ የድምፅ መልእክቶች ናቸው። እናትና አባት ሆነው የሚናገሩት የኬንድሪክ የገዛ ወላጆቹ ናቸው። እናት መኪናዋን መልስልኝ ትላለች። አባት የዶሚኖ ጨዋታዬ የት ገባ ይላል። ሽፋኑም የቤተሰብ ፎቶ ነው። ሕፃኑ ኬንድሪክ ከሁለት አጎቶቹና ከአያቱ ጋር ተቀምጧል። የትልልቆቹ ዓይን በጥቁር ተሸፍኗል፤ የሕፃኑ ብቻ ተገልጧል። ጠረጴዛው ላይ የቢራ ጠርሙስና የሕፃን ጡጦ ጎን ለጎን ይታያሉ።

ታሪኩ

አልበሙ የሚከፈተው ወጣቶች በአንድነት በሚያሰሙት የንስሐ ጸሎት ነው። ከዚያ የ17 ዓመት ልጅ በእናቱ መኪና ሸሬን የምትባል ልጅ ጋ ሲሄድ እናገኘዋለን። ቤቷ ሲደርስ ሁለት ኮፍያ ያጠለቁ ጎረምሶች ቆመዋል። በዚች ቅጽበት ስልኩ ይጠራል። ታሪኩ እዚያው ተቆርጦ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ከጓደኞቹ ጋር መኪና ውስጥ ይገባል። "ባክሲት ፍሪስታይል" በጉራ የተሞላ ነው። ብቻውን የሰማው ሰው ተራ ጉራ ሊመስለው ይችላል፤ ግን ኋላ ወንበር ላይ ለጓደኞቹ የሚፎክር ልጅ ነው የሚናገረው። "ዚ አርት ኦፍ ፒር ፕሬዠር" ላይ እነዚሁ ልጆች ሰው ቤት ገብተው ይዘርፋሉ፤ ከፖሊስም ለጥቂት ያመልጣሉ። ልጁ ብቻውን ሲሆን እንደማያደርገው፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ግን ሌላ ሰው እንደሚሆን ይናገራል። የአልበሙ እምብርት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ባለታሪኩ ወሮበላ አይደለም፤ ቅዱስም አይደለም።

"ፖየቲክ ጀስቲስ" ሲያልቅ ወደ ሸሬን ደጅ እንመለሳለን። ጎረምሶቹ የየት ሰፈር ልጅ ነህ ብለው ይጠይቁትና ይደበድቡታል። ጓደኞቹ ጠጥተው ሊበቀሉለት ይወጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ዴቭ፣ ይገደላል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው "ሲንግ አባውት ሚ፣ አይም ዳይንግ ኦፍ ተርስት" 12 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ቨርስ (የግጥም ክፍል) ላይ የሚናገረው የሟቹ ወንድም ነው። አልበሙ ከመውጣቱ በፊት ከሞትኩ ብሎ ሊቀጥል ሲል ተኩስ ይሰማል፤ ንግግሩ ይቆረጣል። ሁለተኛው ቨርስ የአንዲት ሴት ነው። እህቷ ቀደም ሲል በ"ሴክሽን ኤይቲ" ላይ የተዘፈነላት ኪሻ ናት። የእህቴን ገመና ለምን አደባባይ አወጣህ ብላ ራሱን ኬንድሪክን ትወቅሰዋለች። እኔ አልጠፋም እያለች ድምጿ እየራቀ እየራቀ ይጠፋል። ሦስተኛው ላይ እሱ ይመልሳል። ከዚያ ልጆቹ በቃን ይላሉ። አንዲት አሮጊት ታገኛቸውና ታጸልያቸዋለች። ጸሎቱ መጀመሪያ የሰማነው ነው።

ታሪኩ በአንድ ቀን ውስጥ ያልቃል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ የለም፣ የተለያዩ ጊዜያት ተደባልቀውበታል የሚሉም አሉ። ምን ያህሉ በእውነት ኬንድሪክ ላይ የደረሰ ነው የሚለውም ያከራክራል። የመጨረሻው ዘፈን "ኮምፕተን" ላይ ዶክተር ድሬ ገብቶ ሁለቱ የከተማ ልጆች ድላቸውን ያከብራሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ ልጁ እናቱን መኪናሽን ለ15 ደቂቃ ልውሰደው ይላታል። ታሪኩ እንደገና ሊጀምር ነው።

አቀባበሉ

በመጀመሪያው ሳምንት 242,000 ቅጂ ተሸጠ፤ ቢልቦርድ 200 በተባለው የአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይም 2ኛ ሆኖ ገባ። አንደኛዋ በዚያው ቀን አልበም ያወጣችው ቴይለር ስዊፍት ነበረች። ተቺዎች በአድናቆት ተቀበሉት። የሙዚቃ ድረ ገጹ ፒችፎርክ ከ10 9.5 ሰጠው። "ፖየቲክ ጀስቲስ" ለሬዲዮ የተሠራ ነው ያሉ ነበሩ፤ ከ"ሲንግ አባውት ሚ" በኋላ ያሉት ሁለት ዘፈኖችም ለአንዳንዶች ቀዝቀዝ ያሉ ናቸው።

ከሁሉ የሚገርመው የ"ስዊሚንግ ፑልስ" ዕጣ ነው። ዘፈኑ ስለ መጠጥ ሱስ፣ ስለ ጓደኛ ግፊትና በቤተሰብ ስለሚወረስ ጠጪነት ነው። ክለብ ውስጥ ግን የመጠጫ ዘፈን ሆነ። ቢልቦርድ ሆት 100 በተባለው የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይም 17ኛ ደረጃ ደረሰ። አልበሙን በቅደም ተከተል ያዳመጠ ሰው ግን ያ መጠጥ ወዴት እንደሚያመራ ያውቃል።

ጃንዋሪ 2014 ላይ ኬንድሪክ በ7 ዘርፍ ለግራሚ የሙዚቃ ሽልማት ታጭቶ አንድም ሳይሸለም ወጣ። የምርጥ ራፕ አልበም ሽልማት ለራፐሩ ማክልሞርና ለፕሮዲውሰሩ ራያን ሉዊስ ተሰጠ። ፍትሕ የጎደለው ውሳኔ ነበር። ማክልሞር ራሱ ለኬንድሪክ በላከው የስልክ መልእክት ሽልማቱ ላንተ ነበር የሚገባው ብሎታል፤ መልእክቱንም ኢንስታግራም ላይ ለጠፈው። መለጠፉን ያልወደዱለት ግን ብዙ ናቸው።

በዚሁ ዓመት መጸው ላይ ጆርጂያ ሪጀንትስ ዩኒቨርሲቲ አልበሙን እንደ ጽሑፍ የሚመረምር የእንግሊዝኛ ኮርስ ሰጠ። ኬንድሪክ በ2018 "ዳም" በተባለው አልበሙ የፑሊትዘርን ሽልማት ሲወስድ ብዙ አዳዲስ አድማጮች ወደዚህኛው ተመለሱ። በ2022 ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ከኮንሰፕት አልበሞች ሁሉ አንደኛ አደረገው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ደግሞ ቢልቦርድ 200 ላይ 10 ዓመት የቆየ የመጀመሪያው የሂፕ ሆፕ የስቱዲዮ አልበም ሆነ።