ኮዲንግ ዶጆ ምንድን ነው?

ቴኳንዶ የሠራ ሰው ፑምሴን ያውቃል። ተጋጣሚ የለም፤ ቅደም ተከተሉ የታወቀ እንቅስቃሴ እስኪዋሃድ ድረስ ይደጋገማል። በግጥሚያ ቀን አስቦ ለመመከት ጊዜ የለም፤ እጅ ቀድሞ ማወቅ አለበት። በካራቴና በጁዶ ይህ ካታ ይባላል። ልምምዱ የሚካሄድበት ቤት ደግሞ ዶጆ ነው።

እኛ ፕሮግራመሮችስ የት እንለማመዳለን? ስታርትአፕ ውስጥ የሠራሁባቸውን ዓመታት ሳስብ መልሱ ያሳዝነኛል፤ የምንለማመደው ደንበኛው ላይ ነበር። አንድ ዓርብ ማታ የክፍያ ገጹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቴስት፣ ማለትም ዋናው ኮድ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ትንሽ ኮድ፣ አጻጻፍ ገና እየተማርኩ ነበር፤ የምማረው ግን ሰው ብር በሚከፍልበት ሲስተም ላይ ነው። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቁጭ ብለን አስተካከልነው።

ኮዲንግ ዶጆ ማለት ፕሮግራመሮች ለልምምድ ብቻ የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው። ደንበኛ የለም፣ ዴድላይን የለም፣ የሚሸጥ ነገር የለም። ትንንሽ ጥያቄዎችን እንደ ካታ እየደጋገሙ የመሥራትን ሐሳብ ያስተዋወቀው ፕሮግራመሩ ዴቭ ቶማስ ነው። ሎራን ቦሳቪ እና ኤማኑኤል ጋዮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 አካባቢ ፓሪስ ላይ ሰው ሰብስበው በጋራ መለማመድ ጀመሩ። ከዚያ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ።

አንዱ አካሄድ ራንዶሪ ይባላል፤ ስሙ በጁዶ ከነፃ ትግል ልምምድ የመጣ ነው። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ ሁለት ሰው ከፊት። አንዱ ይጽፋል፤ ሌላው አብሮት ያስባል። አምስት ወይም ሰባት ደቂቃ ሲሞላ የጻፈው ወደ ተመልካቹ ይመለሳል፣ ረዳቱ ኪቦርዱን ይረከባል፣ ከተመልካች አዲስ ሰው ይገባል። ቴስቱ ቀይ ሆኖ ሳለ፣ ማለትም ኮዱ ገና ሳያልፍ፣ ተመልካች አስተያየት አይሰጥም። አረንጓዴ ሲሆን፣ ማለትም ሲያልፍ ብቻ ነው የሚናገረው።

ለእኛ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገን ይህ የዝምታ ሕግ ነው ባይ ነኝ። ሥራ ቦታ ጀማሪው ትንሽ ሲቸገር ሲኒየሩ "ቆይ፣ አምጣው እስቲ" ብሎ ኪቦርዱን ይወስዳል። ክፋት የለውም፤ ሥራው ቸኩሎበት ነው። ልጁ ግን ሳይማር ይቀራል። ዶጆ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም አሥር ዓመት የሠራውም ተራቸው እኩል ነው። ስላይድ ብቻ እያየን የምንወጣባቸው የቴክ ስብሰባዎቻችን ውስጥ ይህን አላየሁም።

ከጓደኞቼ ጋር የሞከርነው ካታ የግዕዝ ቁጥር ነበር። ተራ ቁጥር ይገባል፤ ግዕዝ ይወጣል። መጀመሪያ ቴስቱን ትጽፋለህ፦ 1 ሲገባ ፩ ይውጣ። ቀይ። እንዲያልፍ የሚበቃውን ያህል ብቻ ኮድ ትጽፋለህ። አረንጓዴ። ከዚያ 10 ሲገባ ፲፣ 11 ሲገባ ፲፩። እስከ 99 መንገዱ ሜዳ ነው። 100 ላይ ኮዳችን ፩፻ ብሎ አወጣ፤ ትክክሉ ግን ፻ ብቻ ነው። 101 ሌላ ጣጣ አመጣ፤ ግዕዝ የዜሮ ምልክት ስለሌለው መሀል ያለውን ባዶ ዘሎ ፻፩ ማለት አለበት። ተራዋ የደረሳት ልጅ ስክሪኑ ላይ ትክ ብላ ቀረች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ቻልኩት። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይታ አሥሩንና አንዱን ለየብቻ የሚያይ አንድ መስመር ጻፈች። አረንጓዴ።

ያን ምሽት 1,000 ጋ፣ ማለትም ፲፻ ጋ፣ ሳንደርስ ሰዓቱ አለቀ። ኮዱን አጥፍተን ወጣን። በሳምንቱ ተመልሰን ከ፩ ጀመርን።