ስለ ትዳር ቪዛ ወሎ ውስጥ የሚወራውና እውነታው

ደሴም ሆነ ወልድያ፣ ሐይቅም ሆነ ከሚሴ፣ አንዲት ልጅ ውጭ አገር ያለ ሰው ስታገባ መካሪው ብዙ ነው። የቡና ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ጸሐፊ ቤት የሚሠራው ልጅ፣ ሁሉም የሰማውን ይነግራታል። አብዛኛው በቅንነት ነው። ግን በተሳሳተ ምክር የተሞላ ፎርም ባልና ሚስትን ለዓመታት አራርቆ ያስቀምጣል። ስለዚህ እዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልያዛቸው። ይበልጥ የማወራው ስለ አሜሪካ ነው። ካናዳና እንግሊዝ የሚለዩበትን በየቦታው እጠቅሳለሁ።

«ኒካህ ታስሯል፣ ሰርግ ተደግሷል፤ ሌላ ወረቀት ምን ያደርጋል?»

በአገራችን ሕግ ጋብቻ በሦስት መንገድ ይፈጸማል፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል። ሦስቱም ሕጋዊ ናቸው። ኒካሁም ተክሊሉም ጋብቻ ነው ማለት ነው። ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው ግን በወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተሰጠው የጋብቻ ሰርተፍኬት ነው። የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ያግዛል እንጂ እሱን አይተካም። ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱና አስመዝግቡ።

ሰርተፍኬቱን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ ቀኖቹን አንብቡ። ጋብቻው የተፈጸመበት ቀንና የተመዘገበበት ቀን የተለያዩ ናቸው። ፎርም ላይ የሚሞላው የተፈጸመበት ነው። የቀን መቁጠሪያውም ያሳስታል። ጥር 12 ቀን 2017 የተጋባ ሰው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ነው የተጋባው። ጥር 12 ቀን 2016 ግን ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ከሆነች በኋላ ባሉት ወራት ቀኑ በአንድ ይገፋል። በግምት አትቀይሩት። ባል አንድ ቀን፣ ሚስት ሌላ ቀን ከጻፉ ነገሩ ጥያቄ ይወልዳል።

«ባሉ ባይመጣም በወኪል ይታሰራል»

ሙሽራው ዋሽንግተን ወይም ጅዳ ሆኖ በስልክ እሺ ሲል፣ እዚህ ወኪሉ ተቀምጦ ኒካህ የሚታሰርበት ጊዜ አለ። የሃይማኖቱን ጉዳይ ለዑለማዎች እተወዋለሁ። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ሁለቱ ተጋቢዎች አንድ ቦታ ያልተገኙበት ጋብቻ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ እንደ ባልና ሚስት ተገናኝተው ከሆነ ነው። ከኒካሁ በፊት መተዋወቃቸው አያድንም። ስለዚህ ባልየው ከጋብቻው በኋላ መምጣቱን የሚያሳዩ ነገሮች ወሳኝ ናቸው፦ የበረራ ትኬቱ፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ማህተም፣ አብራችሁ ያረፋችሁበት ደረሰኝ። ካናዳ ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወኪል፣ በስልክም ሆነ በኢንተርኔት የተፈጸመን ጋብቻ ለዚህ ጉዳይ አትቀበልም። ገና ካልታሰረ፣ እሱ እስኪመጣ ጠብቁ። ቤተሰብ ቢቸኩልም ጠብቁ።

«የአረብ አገሩን ነገር አታንሺው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ምክር ነው። ከወሎ ስንት ልጅ ወደ ሳዑዲና ወደ ቤይሩት እንደሄደች እናውቃለን። በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት ዓመቷ ዕድሜዋ ተጨምሮ የሄደች አለች። ስሟ ተቀይሮ የሄደችም አለች። ይህን ያደረገው ብዙ ጊዜ ደላላው እንጂ እሷ አልነበረችም። አሁን አግብታ ፎርም ስትሞላ «ዝም በይ፣ ማን ያውቃል?» ትባላለች።

ዲኤስ-260 የሚባለው የቪዛ ፎርም ከዚህ በፊት የተጠቀማችሁበትን ሌላ ስምና የኖራችሁበትን አገር በግልጽ ይጠይቃል። ከ16 ዓመት በኋላ 12 ወርና ከዚያ በላይ ሌላ አገር ከኖራችሁ፣ ከዚያ አገር የፖሊስ ማስረጃ ይፈለጋል። ለሳዑዲ የተሰጠው የተቀየረ ስም በራሱ የአሜሪካን ቪዛ አያስከለክልም። የሚያስከለክለው ለአሜሪካኖቹ መዋሸት ነው። ያ ከተረጋገጠ ክልከላው የዕድሜ ልክ ነው። ምሕረት የሚጠየቅበት መንገድ ቢኖርም ጠባብ ነው። በካናዳ የ5 ዓመት እገዳ ያመጣል።

ስለዚህ የቀድሞውን ስም ጻፉት። የቀድሞውን የልደት ቀንም ጻፉት። እንዴት እንደሆነ በአንድ ገጽ ደብዳቤ በቀላል ቋንቋ አስረዱ። አሁን ያሉት የልደት ካርድ፣ መታወቂያና ፓስፖርት እርስ በርስ ካልተስማሙ ግን ፕሮሰሱ ሳይጀመር በሕጋዊ መንገድ አስተካክሏቸው። የስም አጻጻፉንም ተመልከቱት። «ሰይድ» እና «መሐመድ» በእንግሊዝኛ ፊደል በብዙ መንገድ ይጻፋሉ። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ይዛችሁ ሌላውን ሁሉ በእሱ አስጽፉ።

«ፋይሉ በጦርነቱ ጠፍቷል፤ በቃ አልቋል»

አላለቀም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ መዝገብ የጠፋባቸው መሥሪያ ቤቶች ነበሩ፤ የአሜሪካው አሠራር ግን ለዚህ መውጫ አለው። መጀመሪያ መዝገቡ እንደሌለ ከሚመለከተው ቢሮ በማህተም ደብዳቤ አውጡ። ከዚያ የክርስትና ወይም የትምህርት ቤት ማስረጃ አያይዙ። እሱም ከሌለ፣ ነገሩን በዓይናቸው ያዩ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ቃላቸውን በጽሑፍ ይስጡ። ያዋለደች አክስት ወይም ሽምግልና የተቀመጡ አባት ጥሩ ምስክር ናቸው። «ፎርጅድ ይሻላል» የሚላችሁን ሰው ግን አትስሙ።

«በሽማግሌ ተለያይተናል፤ ያ ይበቃል»

አይበቃም። የቀድሞ ትዳር ካለ በፍርድ ቤት ወይም በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠ የፍቺ ውሳኔ ያስፈልጋል፤ የሞተ ከሆነም የሞት ሰርተፍኬት። ቀኑም ከአዲሱ ጋብቻ መቅደም አለበት። ሁለተኛ ሚስት በትዳር ቪዛ አትሄድም።

«አልበሙ ይናገራል»

የሰርግ አልበም የአንድ ቀን ማስረጃ ነው። ኢንተርቪው አድራጊው ማየት የሚፈልገው ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውን ሕይወት ነው፦ የተላከ ገንዘብ ደረሰኝ፣ የጥሪና የመልእክት ታሪክ፣ የጉዞ ትኬት፣ ከእናቱ ጋር ቡና ላይ የተነሣችሁት ተራ ፎቶ። ከየወሩ ጥቂት ጥቂት ምረጡ፤ አንድ ሺህ ገጽ ቻት ማንም አያነብም። ደላላ የሚሸጠውን «የኢንተርቪው ጥናት» አትሸምድዱ። ሽማግሌ ሆነው የመጡት እነማን እንደሆኑ፣ አማቶቻችሁ የት ሰፈር እንደሚኖሩ ስትጠየቁ የራሳችሁን መልስ ስጡ።

«እንግሊዝኛ ካልቻልሽ፣ እሱም ሀብታም ካልሆነ አይሆንም»

የአሜሪካ የትዳር ቪዛ የቋንቋ ፈተና የለውም፤ ኢንተርቪውም በአማርኛ ይሆናል። እንግሊዝ ግን ፈተና ትጠይቃለች። ገቢን በተመለከተ አሜሪካ የምትፈልገው ባልየው ቢያንስ የድህነት መስመሩን 125 በመቶ እንዲያገኝ ነው። ካልሞላለት ሌላ ሰው አብሮት ስፖንሰር ይሆናል። እንግሊዝ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓመት 29,000 ፓውንድ ትጠይቃለች። ካናዳ ለትዳር ጓደኛ በአብዛኛው የገቢ ወለል የላትም።

«ደላላ ያፋጥነዋል»

የሚያፋጥን ሰው የለም። ፍጥነቱን የሚለየው የባልየው ወረቀት ነው። ሲቲዝን ከሆነ የሚስቱ ጉዳይ የኮታ ወረፋ የለበትም፤ ግሪን ካርድ ብቻ ካለው ግን ወረፋ አለ። ፎርሙን ራሳችሁ መሙላት ትችላላችሁ። ሌላ ሰው ከሞላላችሁም የኢሜይሉን አድራሻና የይለፍ ቃሉን እናንተው ያዙ። ከመጀመራችሁ በፊትም የወቅቱን ደንብ ከኤምባሲው ገጽ አንብቡ፤ ደንቡ ይለዋወጣል።

«ልጁ አያቱ ጋ ይቆይ፤ በኋላ ይወሰዳል»

ከትዳሩ በፊት የተወለደ ልጅ ካለ ከመጀመሪያው ቀን ፎርሙ ላይ ይግባ። የአሜሪካ ሲቲዝን ለሚስቱ ያስገባው ማመልከቻ ልጇን አብሮ አይወስድም፤ ለልጁ ሌላ ማመልከቻ ይገባል። ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ከሆነ የእንጀራ አባቱ ያስገባለታል። ካናዳ ላይ ነገሩ ይከብዳል። አብሮ ባይሄድ እንኳ ያልተጠቀሰ ወይም ሜዲካል (የጤና ምርመራ) ያላደረገ ልጅ፣ በኋላ በቤተሰብ ስም የሚመጣበት በር ሊዘጋበት ይችላል። የልጁን የልደት ሰርተፍኬት አሁኑኑ አውጡ። ወላጅ አባቱ በሕይወት ካለም ፈቃዱን በጽሑፍ አግኙ።